ለቦርድ የሚቀርብ ድካም

ሰኞ፣ ጥር 16

ካልሲ ለማጥለቅ ሁለት ጊዜ አረፍሁ። አንዱን አጠለቅሁ፣ አልጋው ላይ ጋደም አልሁ፣ ከዚያ ሌላውን አጠለቅሁና እንደገና ጋደም አልሁ። ከዚህ ልጀምር። ሐኪሙ "ትንሽ ነው ብለው እንዳይንቁት" ብሎኛል።

ዓርብ ዕለት ቡሬ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። የምርመራ ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ አንድ በአንድ አያቸውና፣ "በሽታ ባገኝ ስሙን ጽፌ እሰጥዎ ነበር። ድካምን የሚያሳይ መሣሪያ ግን የለንም። ቦርዱ ፊት ቀርበው 'ይደክመኛል' ቢሉ አይበቃዎም። ይጻፉት። በየቀኑ ምን እንደሠሩ፣ ምን እንዳቃተዎ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ" አለኝ።

ቦርዱ የሚቀመጠው በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ፍኖተ ሰላም ነው። ሦስት ሐኪሞች ናቸው አሉ። "መሥራት አይችልም" ብለው ከፈረሙልኝ በጤና ጉድለት ጡረታ እወጣለሁ። ካልፈረሙልኝ ሥራዬ ላይ እንዳለሁ እቀራለሁ። የሕመም ፈቃዴን ክረምቱ በልቶታል። ሥራዬን ደግሞ መሥራት አልችልም።

የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ እርከን፣ ችግኝ፣ የአፈር ጥበቃ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእግሬ ስዞር ኖሬያለሁ። ሐምሌ ላይ ተስቦ ያዘኝና ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ተስቦው ለቀቀኝ። ይኼኛው ግን አልለቀቀኝም።

የዛሬው፦
ዐሥር ሰዓት ያህል ተኝቼ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ዓይኑን ሳይከድን እንዳደረ ሰው ነበርሁ።
ፊቴን ታጠብሁ። ተቀመጥሁ።
ከቤቴ እስከ ገበሬዎች ማሠልጠኛው ግቢ ሄድሁ። ጎረቤት ነው። አጥሩን ተደግፌ ቆምሁ።
ለነገው የእርከን ዘመቻ ገመዱንና ውኃ ልኩን አዘጋጀሁ።
ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሼ እስከ ዐሥር ተኛሁ።
ራት ላይ ማኘክ ታከተኝ። ይህንን ለሦስት ሐኪሞች መጻፍ ያሳፍራል። ጻፍሁት።

ማክሰኞ፣ ጥር 17

የተፋሰስ ሥራው ተጀመረ። ሕዝቡ ከየጎጡ ዶማና አካፋውን ይዞ ገና በጧቱ ተረተሩ ሥር ተሰብስቧል። መስመር የማወጣው እኔ ነኝ። ውኃ ልኩን አንብቦ፣ ገመዱን አስወጥሮ፣ "በዚህ ቆፍሩ" የሚለው እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ ከእኔ በኋላ ነው የሚመጣው።

ተረተሩ እኩሌታ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ሕመም የለውም። እንዲያው እግሬ የሌላ ሰው ሆነ።

ውባለም አየችኝ። የሰብል ባለሙያችን ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ቀበሌ ከእኔ ጋር አራት ዓመት ሠርታለች። ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሽ ይታያል፣ እርስዎ ከዚህ ሆነው ይዩን። ውኃ ልኩን ለእኔ ይስጡኝ" አለች። ሰጠኋት። ግራር ሥር ተቀመጥሁ።

ከኋላዬ ድንጋይ የሚቀባበሉ ሰዎች ነበሩ። አንዱ "ባለሙያው ጥላ ወዷል" አለ። ሌላው "ምን ያርግ፣ ደመወዙ ጥላ ሥርም ያገኘዋል" አለ። ሳቁ። እንዳልሰማ ሆንሁ።

በዚህ አገር ሌባ ቢሉህ ትከራከራለህ፤ ምስክር ትቆጥራለህ። ሰነፍ ካሉህ ግን በምን ትከራከራለህ? ክርክሩ ተነሥቶ መሥራት ነው።

የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሲያርሱ የዋሉበትን ድካም ዐውቀዋለሁ። እሱ ይጣፍጣል። በልተህ ትተኛለህ፣ ጧት ድካሙ የለም። ይኼኛውን ዕረፍት አይነካውም። ዝናብ እንደመታው ጆንያ ነኝ፤ ውስጡ ያው እህል ነው፣ የሚያነሣው ግን የለም።

ረቡዕ፣ ጥር 18

ሰባር አጽሙ ጊዮርጊስ። ዘመቻ የለም። ቢኖርም አልሄድም ነበር።

የትናንቱ ተረተር ዛሬ መጣብኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ በማግስቱ ነው የሚመጣው። ብርሃን ያመኛል። ባለቤቴ ስመኝ መስኮቱን በነጠላ ጋረደችልኝ።

እስካሁን የለብህም የተባልሁት፦ ቲቢ። ስኳር። የልብ። የጉበት። እንቅርት። ደም ማነስ። ኤች አይ ቪ። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ተመርምሬያለሁ፤ ስመኝም ተመርምራለች። ሰፈሩ ግን አሁንም በጎን ያየናል። ምናለ ከነዚህ አንዱ በሆነ ያልሁበት ቀን አለ። ስም ይኖረው ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከሰዓት በኋላ አያ ገብሬ መጡ። ሰባ ያለፋቸው የጎጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ይህን ቀበሌ ያስተዋወቁኝ እሳቸው ናቸው። ከዝክሩ ዳቦ ይዘውልኝ ነው። ተነሥቼ ተቀመጥሁ። ጋቢዬን አስተካከልሁ። አንድ ሰዓት አወራን። ሳቅሁም። ሲወጡ፣ "ደህና ነህ እኮ። ፊትህም ወዝ አለው" አሉኝ።

ከወጡ በኋላ ጫማዬን ሳላወልቅ ወደቅሁ። እስኪመሽ ድምፅ ማውጣት አልቻልሁም።

የሰው ፊት ያነሣኛል፤ ካነሣኝ በኋላ ይጥለኛል። ሲያነሣኝ ሰው ያየኛል፣ ሲጥለኝ ግን ከስመኝ በቀር ማንም የለም። ቦርዱም የሰው ፊት ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 19

ለቦርዱ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል። በጭነት መኪና፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ወረዳ ሄድሁ።

ከኃላፊያችን ከመኮንን ጋር ድሮ በአንድ ቀበሌ ሠርተናል። ወንበር ሳበልኝ፤ ሻይ አስመጣልኝ። "ከስተሃል" አለኝ። ደስ አለኝ። ከሳህ ሲሉኝ ደስ የሚለኝ ሰው ሆኛለሁ።

ጉዳዬን ነገርሁት። ተነሣና ከመደርደሪያው ፋይል አወጣ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው የአራት ወር ሪፖርቴ ነው። የችግኝ ጉድጓድ፣ የኮምፖስት ዝግጅት፣ የእርከን ጥገና፣ የገበሬ ሥልጠና። ሁሉም ተሠርቷል። በእያንዳንዱ ግርጌ ስሜና ፊርማዬ አለ።

በነዚያ አራት ወሮች ከቤቴ የወጣሁባቸውን ቀናት በጣቴ ልቆጥራቸው እችላለሁ። ፊርማው የእኔን ይመስላል። ግን የውባለም እጅ ነው። አራት ዓመት ጽሕፈቷን አይቻለሁ፤ አይጠፋኝም።

ጠርጥሬ ነበር? ትንሽ። አልጠየቅሁም። አለመጠየቁ ይመቸኝ ነበር።

መኮንን እንዲህ አለኝ፦ "ይታያል ወንድሜ፣ እኔ ምን ብዬ ልጻፍ? 'መሥራት አይችልም' ካልሁ ይኼ ሪፖርት ውሸት ነው። 'ሪፖርቱ እውነት ነው' ካልሁ ሕመምህ ውሸት ሊሆን ነው። አንዱን አንተ ምረጥልኝ።"

ሻዬን ጨረስሁ። አልመረጥሁም። "ሰኞ ለግምገማ እመጣለሁ፤ እስከዚያ አስብበት" ብሎ እስከ በር ሸኘኝ።

ስመለስ መኪናው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሾፌሩ ቀስቅሶ አወረደኝ።

ዓርብ፣ ጥር 20

ውባለምን አስጠራኋት። ከተረተሩ ወርዳ እንደ ቆመች መጣች፤ ፀጉሯ ላይ አፈር አለ። ስመኝ ውኃ ሰጠቻት፤ ጠጣች።

ሪፖርቱን እንዳየሁት ነገርኋት። አልደነገጠችም። "እና ምን ላድርግ ነበር?" አለች። "የተፈጥሮ ሀብት ሥራው ባዶ ሆኖ ቢቀርብ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።"

"ስሜን ማን ፈርሚ አለሽ?"

 ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ "የበኩር ልጄን ወልጄ አራስ ሳለሁ የእኔን ጎጦች ማን ዞረልኝ? ሪፖርቱ ላይ ስሜን ማን ፈረመልኝ?" አለች።

እኔ ነኝ። ረስቼው ነበር። ያን ጊዜ "ዝም ብለሽ ልጅሽን ጥቢ፤ ስምሽ ከዝርዝሩ አይጎድልም" ያልኋት እኔ ነኝ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ነበርም።

ሌላም ነገር አለ። በክረምት ለዲግሪ ትምህርት ከሚላኩት ባለሙያዎች መካከል ስሟ ተይዟል። ዝርዝሩ የሚጸድቀው ከግምገማው በኋላ ነው። የፊርማው ነገር ከወጣ ያ ትምህርት የለም።

"እኔው ልናገር" አለች። ተይ አልኋት። "ካልተናገርሁ ደብዳቤውን አያገኙም" አለች። ተይ አልኋት።

ሄደች። ለካስ ሳናግራት የቆየሁት ልተኛበት በሚገባኝ ሰዓት ነው። ይህንን ስጽፍ አራት ጊዜ አቋርጫለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። ስመኝ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መጣች። እኔ ቀረሁ።

ይህ ደብተር ለቦርዱ የሚሰጥ ነው። ውባለም ውስጡ አለች። ስለዚህ ስመኝ አዲስ ደብተር ገዝታልኝ፣ ውባለም የሌለችበትን መገልበጥ ጀመርሁ። ማክሰኞ ላይ "ውኃ ልኩን ለሌላ ሰው ሰጠሁ" ብዬ ጻፍሁ። ሐሙስን "ወረዳ ደርሼ መጣሁ" ብቻ አልሁት። አራት ቀን ገለበጥሁና ደከመኝ። ትቼው ተኛሁ።

ስነቃ ስመኝ ሁለቱንም ደብተሮች ይዛ ተቀምጣለች። "የትኛው ነው እውነቱ?" አለችኝ።

"ሁለቱም።"

"አንደኛው ያጠረ ነው" አለች።

ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ድምፅዋን አላነሣችም። "እዚህ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተኛህ አለ። ማን ውኃ እንደቀዳ የለም። ሐምሌ ላይ ተስቦ ሲይዝህ ሦስት ሳምንት ማን እንዳገላበጠህ የለም። ጓሮውን ማን እንደቆፈረ የለም። እኔም ደክሞኛል፣ ይታያል። የእኔን ግን ጻፊው ያለኝ ሐኪም የለም።"

 ይቅርታ ማለትም ጉልበት ይፈልጋል። እጇን ያዝሁ። አልነጠቀችኝም፤ አልጨበጠችኝምም።

እሑድ፣ ጥር 22

ተኛሁ።
በላሁ።
ተኛሁ።
ስመኝ ዛሬ ብዙ አላናገረችኝም። ምሳዬን አልጋው ድረስ አመጣችልኝ።
ነገ ግምገማ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 23

ልጻፈው፤ ነገ እንደማልጽፍ ዐውቃለሁ።

ማሠልጠኛው አዳራሽ ውስጥ ነበርን። መኮንን ሰብሳቢ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ባለሙያዎች፣ የገበሬ ተወካዮች። አያ ገብሬም አሉ። ግድግዳውን መደገፍ እንድችል ጥግ ያዝሁ።

ሦስተኛው አጀንዳ እኔ ነበርሁ። ሊቀ መንበሩ ተነሣ። "የባለሙያው ጉዳይ የጤና አይመስለኝም። ሐኪም አይቶታል፣ ምንም የለበትም ተብሏል። በእኔ በኩል የአመለካከት ችግር ነው የማየው። ሕዝቡ ሲቆፍር ጥላ ሥር መቀመጥ ለሌላውም አርአያ አይሆንም። ግለ ሂስ ያድርግ" አለ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ።

አያ ገብሬ እጃቸውን አወጡ። ተፈቀደላቸው። ከወንበራቸው ሳይነሡ፦

"የካቻምና በሬዬን ታስታውሱታላችሁ። ሲያዩት ስብ ነው፤ ቆዳው ያበራል። ቀንበር ሲጭኑበት ይተኛል። ሰነፈ ብዬ አለንጋዬን አነሣሁበት። መታሁት። ኋላ አረድነው። ሆዱ ውስጥ ሽቦ ተገኘ። ከሣር ጋር ውጦት ኖሯል።" በዘንጋቸው ወደ እኔ አመለከቱ። "የባለሙያው ስም ይታያል ነው። ሕመሙ ግን አልታየም። እንግዲህ ለማየት ብለን አናርደው።"

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሊቀ መንበሩ እንኳ ከንፈሩን ነካ አድርጎ ሳቁን መለሰ።

መኮንን "ይታያል፣ የምትለው አለህ?" አለኝ።

ውባለም ከፊት ወንበር ላይ ናት። ትከሻዋ ሲነሣ አየሁ፤ ልትነሣ ነው። ቀደምኋት። ግድግዳውን ይዤ ቆምሁ።

ከመስከረም ጀምሮ የመስክ ሥራ እንዳልሠራሁ ተናገርሁ። ሪፖርቱ ላይ ያለው ሥራ በትክክል እንደተሠራ፣ የሠራችው ግን ውባለም እንደሆነች፣ ፊርማውም የእኔ እንዳልሆነ። "ይህንን ያስለመድኋት እኔ ነኝ። እሷ አራስ በነበረችበት ዓመት እኔ በእሷ ስም ፈርሜያለሁ። ጥፋት ከሆነ የጀመርሁት እኔ ነኝ" አልሁ። ሌላም ልል አስቤ ነበር። ጠፋብኝ። ቁጭ አልሁ።

 ውባለም ዞራ አየችኝ። ተቆጥታለች ወይስ አዝናለች፣ አልለየሁትም።

መኮንን ለጸሐፊው "ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ" አለ። አነበበልንም፦ አቶ ይታያል ከመስከረም ወር ጀምሮ የመስክ ሥራቸውን እንዳልሠሩ በራሳቸው አንደበት አምነዋል፤ ሥራው በሌላ ባለሙያ ተሸፍኖ በስማቸው ሪፖርት ተደርጓል።

የክስ ቃል ነው። ሁላችንም ፈረምን። ይኼኛውን በገዛ እጄ ፈረምሁ።

ሰው ሲበተን መኮንን ተጠጋኝና አንድ ቅጂ እጄ ላይ አስቀመጠ። ማኅተም አርፎበታል። "መሥራት አይችልም ብዬ ደብዳቤ ልጽፍልህ አልችልም፤ ሐኪም አይደለሁም" አለ። "አልሠራም የሚል ግን ይኸው፣ ሃያ ሰው ፈርሞበታል። ይዘኸው ሂድ።"

መኮንን ድሮም እንዲህ ነበር። በቀጥታ አይሰጥም።

ማክሰኞ፣ ጥር 24

አልተነሣሁም።

ረቡዕ፣ ጥር 25

ነገ ጧት ከዚህ ተነሥቼ እንደማልደርስ ስላወቅን ዛሬ ከስመኝ ጋር መንገድ ጀመርን። እስከ ቡሬ በጋሪ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ። እናም ጥያቄው ምን ልልበስ ነበር።

ስመኝ ሱፉን አውጥታ ተኩሳለች። እኔ "ሱፍ ለብሼ ብገባ ለሠርግ የመጣሁ እመስላለሁ" አልኋት። "ጋቢ ተከናንበህ ከገባህ ደግሞ ልታታልል የመጣህ ትመስላለህ" አለች። እውነቷን ነው። የታመመ ሰው እንዴት እንደሚለብስ የሚያውቅ ሰው የለም። በመጨረሻ ለመስክ የምለብሰውን ጃኬት አደረግሁ። በፊት ልክ የነበረው አሁን ትከሻዬ ላይ ሰፍቶኛል።

ሚኒባሱ ውስጥ ራሴን መስታወቱ ላይ ጣልሁ። ስመኝ ነጠላዋን አጣጥፋ በመሃል አደረገችልኝ። ከቅዳሜ ወዲህ ስትጠጋኝ የመጀመሪያው ነው።

አልጋ የያዝነው ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ባጃጆቹ እስኪተኙ እኛም አልተኛንም። ደብተሮቹን ሁለቱንም ይዤ መጥቻለሁ። የተገለበጠው አራት ቀን ብቻ ነው ያለው። እውነተኛውን እሰጣለሁ። ከሰኞ ወዲያ የሚደበቅ ነገር የለውም።

ሐሙስ፣ ጥር 26

ሦስት ናቸው፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት። ስመኝ አብራኝ እንድትገባ ፈቀዱ።

የመጀመሪያው ሐኪም፣ "እንዴት ነዎት?" አለኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነኝ" አልሁ።

አፌ ነው ያለው። እንዴት ነህ ሲሉት ሌላ መልስ አያውቅም። ሐኪሙ ጻፈ። ስመኝ ከጎኔ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ቁም አሉኝ፤ ቆምሁ። እጃችንን ጨብጥ አሉኝ፤ ጨበጥሁ። እግርህን አንሣ፣ ገፋ አድርግ፣ ጎንበስ በል። ሁሉንም አደረግሁ። ሁለተኛው ሐኪም "ጡንቻ ደህና ነው" አለ። ልብ ደህና። ሳንባ ደህና። እያንዳንዱ "ደህና" ሲነገር በአንድ በኩል ደስ ይለኛል፤ በሌላ በኩል በሩ ይዘጋብኛል።

ሴትየዋ እስከዚያ ደብተሩን ያነቡ ነበር። ቃለ ጉባኤውንም አዩት፤ ሁለት ጊዜ አነበቡት መሰለኝ። ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፦

"ትናንት ምን ሠሩ?"

"ከቡሬ ወደዚህ መጣሁ።"

"ከትናንት ወዲያስ?"

"ተኝቼ ዋልሁ።"

"እዚህ አንዲት ቃል ብቻ ናት ያለችው።"

"ሌላ አልነበረም።"

"ነገስ?"

"ነገ አልነሣም። ዛሬ ስለቆምሁ።"

ወደ ስመኝ ዞሩ። "እውነት ነው?" አሏት።

ስመኝ ረዘም አድርጋ ትናገራለች ብዬ ነበር። "እኔ ነኝ የማነሣው" ብቻ አለች።

ውጡ ተባልን። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። መጀመሪያ ተቀመጥሁ፤ ኋላ ግን ሰው እያየኝ ተጋደምሁበት። አላፈርሁም። ጉልበቱ ሲያልቅ እፍረቱም አብሮ ያልቃል።

ወረቀቱ ሲወጣ ስመኝ አነበበችልኝ። ሕመሙ ከጀመረ ዓመት ስላልሞላው ቋሚ ነው ለማለት አይቻልም። ጡረታው ለጊዜው የለም። ለስድስት ወር ከመስክ ውጭ፣ ተቀምጠው የሚሠሩት ቀላል ሥራ ይሰጣቸው። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይቅረቡ። በየዕለቱ መጻፋቸውን ይቀጥሉ። በመካከል አንድ መስመር አለ፦ ታማሚው የሚገልጹት ድካም የመሥራት ዐቅማቸውን እንደቀነሰው ቦርዱ ተረድቷል።

ያችን መስመር እንድትደግምልኝ ጠየቅኋት። ደገመችልኝ።

ቀላል ሥራ ማለት ወረዳ የዘር መጋዘን ውስጥ መዝገብ መያዝ ይሆናል። በየቀኑ መድረስ አለብኝ። ስምንት ሰዓት መቀመጥ አለብኝ። እችል እንደሆነ አላውቅም። ጡረታ አልወጣሁም፤ ሥራም አልተመለስሁም። በሁለት በር መካከል ወንበር ሰጡኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 28

ትናንት የለም። ዛሬ ከቀትር በፊት ዓይኔን መግለጥ ቻልሁ።

ውባለም መጣች። አልተነሣሁላትም፤ እንደ ተኛሁ ነው ያናገርኋት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ትምህርቱ ዘንድሮ አይሆንም ተብሏል፤ ለከርሞ ይታያል።

"አጠፋሁብሽ" አልኋት።

"እኔው ልናገር ስል ቀደሙኝ" አለች። "በእሱ ነው የተቀየምሁዎት።" ቀጥላም፣ "የእርስዎን ጎጦች በደብዳቤ ለእኔ ሰጥተውኛል። አሁን በስሜ ነው የምፈርመው" አለች። ደስ ብሏት ይሁን ምርር ብሏት ድምፅዋ አይለይም። ተረተሩ ላይ ሦስተኛው እርከን አልቋል አለችኝ። ልኩን ነገረችኝ። አንዱ መስመር ትንሽ የተዛነፈ መሰለኝ፤ ነገርኋት። ሰኞ አየዋለሁ አለች።

ከሄደች በኋላ ተኛሁ። ስነቃ በር ላይ የአያ ገብሬ ድምፅ ነበር። "አለ?" ይላሉ።

ስመኝ እስከ ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ ሁለት መልስ ነበራት። ወይ "ወጣ ብሏል" ትላለች፤ ወይ ገብታ ቀስቅሳኝ ፊቴን አስታጥባ ታስቀምጠኛለች። የትኛውን እንደምትል ጠበቅሁ። ክርኔን ልደገፍ ጀምሬም ነበር።

"ታሞ ተኝቷል" አለች።

 አያ ገብሬ "እግዜር ይማረው፤ እንግዲህ አልቀሰቅሰውም" አሉ። ዘንጋቸው ድንጋዩ ላይ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁ።

ክርኔን መለስሁ። ስድስት ወር ብዙ ይሁን ጥቂት አላውቅም። ስመኝ ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ አልጋው ማዶ ምንጣፉ ላይ እሷም ጋደም አለች። በቀን ስትጋደም አይቻት አላውቅም።